ዝምተኛዋ እንግዳ፤ ስለ ትንሽ ኤሊ አያያዝ

በቤት ውስጥ ከሚያዙት እንስሳት ሁሉ ባለቤቱን የማታስቸግረው የትኛዋ ናት ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ሳያመነታ «ኤሊ ናት» ብሎ የሚመልስ ይመስለናል። እንደ ውሻ አትጮኽም፤ እንደ ድመት ከድስት አትሰርቅም፤ እንደ ዶሮ ከጎረቤት ጓሮ ገብታ ጠብ አታስነሣም። ቢርባት አትናገርም፤ ቢበርዳት አትንቀጠቀጥም፤ ብትታመም አታቃስትም። ስለዚህ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ወይም ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ማታ ለሚመለስ፣ በኪራይ ክፍል ብቻውን ለሚኖር ወጣት ተብላ የተፈጠረች ትመስላለች። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ይህንን አሳብ ልንቃወም ተነሥተናል። ኤሊ የማታስቸግር መስላ የምትታየው ችግሯን የምታስታውቅበት ድምፅ ስለሌላት ብቻ ነው። በተለይም ገና ትንሽ በሆነችበት ጊዜ፣ ዝምታዋ ከሌላው እንስሳ ጩኸት ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

አስቀድመን የምንናገረው ስለ የትኛዋ ኤሊ እንደ ሆነ እንለይ። በቋንቋችን «ኤሊ» የሚለው ስም በሐይቅና በወንዝ የምትዋኘውንም፣ በደረቅ ምድር የምትሄደውንም ጠቅልሎ ይይዛል። የስሙ አንድ መሆን ግን ለትንሿ የየብስ ኤሊ አደጋ ነው፤ «ኤሊ ውሃ ትወዳለች» ብሎ በሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚከታት ሰው አይታጣምና። እርሷ ደግሞ ዋና አታውቅም፤ ትሰምጣለች። ልዩነቱን ለማወቅ እግሯን መመልከት ይበቃል። የውሃዋ ኤሊ በጣቶቿ መካከል እንደ ዳክዬ ያለ ስስ ቆዳ አላት፤ የየብሷ ግን እግሯ ድፍንና ደንዳና ሆኖ የዝሆንን እግር ይመስላል።

በአገራችን ቆላማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ የምትገኘው የየብስ ኤሊ፣ ቢጫ በሚመስለው ቅርፊቷ ላይ እንደ ነብር ጥቁር ነቁጥ የተረጨባት ናት። ሊቃውንትም ስሟን ከነብር ጋር አያይዘው «ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ» ይሏታል። ዘሯ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተሠራጭቷል። ከእንቁላል ስትወጣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትሆን በመዳፍ መካከል ትቀመጣለች። ስታድግ ግን ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ክብደቷም ከ10 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ዕድሜዋም 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። እንግዲህ በ22 ዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ የያዘ ወጣት ዛሬ አንዲቱን ቢያሳድግ፣ በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ እርሷ ገና በጎልማሳነቷ ላይ ትገኛለች ማለት ነው። በመካከሉ ስንት ዝውውር፣ ስንት የቤት ለውጥ፣ ምናልባትም ጋብቻ አለ! ውሻ የሚያሳድግ ሰው ይህን ያህል ርቆ ማሰብ አይኖርበትም።

ስለ ሕጉም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም፤ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ወይም ነገ የሚሆኑ ናቸውና። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትንና የዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የየብስ ኤሊዎችም በሙሉ በዚሁ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የገቡ ናቸው። በአገር ውስጥም በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ይዞ መገኘትን ከፈቃድ ጋር አያይዞታል። ስለዚህ በመንገድ ያገኟትን ኤሊ አንሥቶ በመኪና ጭኖ መምጣት እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። አስፋልት ስትሻገር ያገኛት ሰው ሊውልላት የሚችለው ትልቁ ውለታ፣ ትሄድበት ወደ ነበረው ወገን አሻግሮ ከመንገዱ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ወደ መጣችበት ወገን ቢመልሳት ግን ዞራ ያንኑ አስፋልት ትሻገራለች።

ይህም ሆኖ በብዙ ግቢ ውስጥ ኤሊ እንዳለች ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ከዘመድ ተቀብሏታል፤ ሌላው የቀድሞው ተከራይ ትቶለት የሄደውን ወርሷል፤ ለሦስተኛው ደግሞ ልጆቹ ከሰፈር ይዘውለት መጥተዋል። እንዲህ ያለው ሰው ነገሩን ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ አለበት። እስከዚያው ድረስ ግን ኤሊዋ ዛሬ ማታ በእርሱ ቤት ታድራለች፤ የሚቀጥለውም ለእርሱ የተጻፈ ነው።

የመጀመሪያው ጠላቷ ብርድ ነው። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት በራሷ አትሠራም፤ ከፀሐይና ከመሬት ትበደራለች። የአዋሽ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ያህል ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ፀሐይ ከደመና በስተጀርባ ሆና ቀናት ያልፋሉ። ለእኛ ካፖርትና ጋቢ አለን። ለእርሷ ግን ብርዱ የሚገባው እስከ ሆዷ ድረስ ነው። የበላችው ምግብ የሚፈጨው ሰውነቷ ሲሞቅ ብቻ ስለሆነ፣ ብርድ ላይ ያለች ኤሊ ብትበላም እንኳ ምግቡ በሆዷ ውስጥ ይቆማል፤ ቆይቶም ይበላሻል።

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ወጣት ወዳጃችን ባለፈው ዓመት ሐምሌ ሲገባ ይህ ነገር ደርሶበታል። ከአዋሽ በኩል የመጣ አንድ ሹፌር «መኪና እንዳይጨፈልቃት ብዬ ነው» እያለ ከእርሳስ ማስቀመጫ ቆርቆሮ የማትበልጥ ኤሊ በጠረጴዛው ላይ አኖረለት። ወዳጃችንም ደስ ብሎት ወደ ኪራይ ቤቱ ወሰዳት፤ የጫማ ካርቶን አዘጋጀላት፤ ሰላጣና የዳቦ ፍርፋሪ አስቀመጠላት። በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት በላች። በሁለተኛው ተወች። በሦስተኛው ከጥግ አልተነሣችም። እርሱ ግን አልተጨነቀም። የተጨነቁት የቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ነበሩ።

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ሞታብሃለች መሰለኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አልተንቀሳቀሰችም» አሉት።

«የለም እትዬ፣ ተኝታ ነው። ኤሊ በክረምት ትተኛለች ይባላል።»

«የት አገር?»

ወዳጃችን መልስ አልነበረውም። እኛም ነገሩን ሲያጫውተን የሴትዮዋን ጥያቄ አደነቅን፤ ከብዙ መጽሐፍ የሚበልጥ ጥያቄ ነውና። በብርድ ወራት መሬት ቆፍራ የምትተኛው የአውሮፓ ኤሊ ናት። ጊልበርት ኋይት የሚባለው እንግሊዛዊ ቄስና የተፈጥሮ ተመልካች፣ ቲሞቲ የሚል ስም የነበራት ኤሊው በኅዳር መሬት ገብታ በሚያዝያ እንደምትወጣ በ18ኛው መቶ ዓመት እየተከታተለ ጽፏል። ያቺ ዘሯ ከሜዲቴራኒያን አካባቢ ስለሆነ ሰውነቷ ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ የምትተኛውም ሆዷን ባዶ አድርጋ ነው። የእኛዋ የነብር ነቁጥ ያለባት ኤሊ ግን እንዲህ ያለ የወራት እንቅልፍ አታውቅም። በሐምሌ ጥግ ይዛ የቀረች እንደ ሆነ ተኝታ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየደከመች ነው። በአገራችን ዝምተኛ ልጅ ጨዋ ይባላል፤ ይህ ልማዳችን ለኤሊ አይሠራም።

በዚያው ቀን በወዳጃችን ክፍል የሙቀት መለኪያ አስቀምጠን ብናይ 16 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ኤሊዋን በወጥ ቤት ሚዛን ብናስቀምጣት 46 ግራም መዘነች። በአንድ ጊዜ በኃይል ማሞቅ እንደማይገባ እናውቅ ስለነበር፣ ለብ ያለ ውሃ በዝርግ ሳሕን አድርገን ለሃያ ደቂቃ አስቀመጥናት፤ ከዚያም በአምፑል አጠገብ፣ ነገር ግን ከአምፑሉ ለመሸሽ የምትችልበት ቦታ ትተንላት አኖርናት። በአምስተኛው ቀን ዐይኗን ገልጣ የሰርዶ ቅጠል ነከሰች። ሴትዮዋ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ስለ ማደሪያዋ ስንናገር ዋናው ነገር ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት እንዳይሆን ነው። ከጫማ ካርቶን የሚበልጥ፣ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጣውላ ሳጥን ይዘጋጅ። በአንዱ ዳር ከላይ አምፑል ይንጠልጠል፤ ከአምፑሉ ሥር ያለው ቦታ በቀን ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይድረስ። ሌላው ዳር 25 ገደማ ይሁን። በሌሊት ለትንሽ ኤሊ ከ20 በታች ባይወርድ ይመረጣል። እርሷ እንደ ፍላጎቷ ከዚህ ወደዚያ ትመላለሳለች፤ ሙቀቷን የምታስተካክለውም እንዲህ ነው። ይህንን ሁሉ በእጅ ዳስሶ መገመት አይቻልም፤ መለኪያ መግዛት ግድ ነው። አምፑሉም ከጣውላውና ከጨርቅ ርቆ በሽቦ በደንብ ይታሰር፤ ለኤሊ ተብሎ ቤት ሊቃጠል አይገባም። መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሳጥኑ በአንድ ጥግ ማኖር እስኪነጋ ድረስ ያገለግላል።

የመደበቂያ ነገር ደግሞ ከገበያ መግዛት አያስፈልግም። የተሰበረ እንስራ ወይም ገንቦ በየሰፈሩ ሞልቷል። የእንስራውን ግማሽ ደፍቶ በአፈር መቅበር ነው፤ ከዚያ ሥር ስትገባ ጨለማና ርጥበት ታገኛለች።

ርጥበት ስንል ብዙ ሰው ይደነግጣል። «የቆላ እንስሳ አይደለችም እንዴ? ደረቅ ቦታ አይደል የሚስማማት?» ይላል። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል፤ ከትንሽ ኤሊ አያያዝ ውስጥ ብዙ ዘመን በስሕተት ሲታመን የኖረው ይህ ነውና። የኤሊ ቅርፊት በብዙ ቁራጭ የተገጣጠመ ነው። በዱር ያደገችው ኤሊ እያንዳንዱ ቁራጭ ለስላሳና ዝርግ ሆኖ ይታያል። በቤት ባደጉት ብዙዎች ላይ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ላይ እየሾለ፣ ጀርባዋ የትንንሽ ተራሮች ሰንሰለት መስሎ ይወጣል። ጥፋቱ የጠገበ ምግብ ነው፣ ሥጋና ጥራጥሬ መብላት ነው እየተባለ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 በቪየና የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ከእንቁላል በቅርብ የወጡ 50 ኤሊዎችን፣ የእኛዋ ዘመድ የሆኑትን ባለ ትልቅ ጥፍር የሳሕራ ዳር ኤሊዎች፣ በቡድን ከፍለው የተለያየ ምግብና የተለያየ የአየር ርጥበት እየሰጡ ለአምስት ወር አሳደጉ። በደረቅ አየር ያደጉት ጀርባቸው ጎበጠ፤ በርጥብ አየር ያደጉት ግን የሚበሉት ምንም ቢሆን ጀርባቸው ይበልጥ ልስልስ ሆኖ ተገኘ። የምግቡ ልዩነት ያመጣው ለውጥ ጥቂት ብቻ ነበር።

ነገሩ ሲታሰብም የሚያስገርም አይደለም። እኛ በሜዳ ላይ በፀሐይ የምናያት ትልቋን ኤሊ ነው። ትንሿ ጠላት ስለሚበዛባት ቀኑን አብዛኛውን በሣር ሥርና በጉድጓድ፣ ወይም በቁጥቋጦ ጥላ ተሸሽጋ ታሳልፋለች። እዚያ ደግሞ አፈሩ ርጥብ ነው። ስለዚህ በሳጥኗ ውስጥ ጋዜጣ ከማንጠፍ ይልቅ (የራሳችንን ጋዜጣም ቢሆን) መድኃኒት ያልተረጨበት የአትክልት አፈር አልብሶ በየጠዋቱ ለብ ያለ ውሃ ማርከፍከፍ ይሻላል። ነገር ግን ርጥበትና ብርድ አንድ ላይ እንዳይገናኙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ርጥበት ከሙቀት ጋር ሲሆን ያሳድጋል፣ ከብርድ ጋር ሲሆን የሳንባ በሽታ ያመጣል። ይህ ካልተቻለ ደረቁ ይሻላል። ከዚህ በተጨማሪ በመጀመሪያው ዓመት በየቀኑ፣ ወይም ቢያንስ በየሁለት ቀኑ፣ አገጯን በማያልፍ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ትቀመጥ። እዚያው ትጠጣለች፤ እዚያው ትጸዳዳለች፤ ውሃውም ወዲያው ይደፋል።

ቅርፊቷ እንደ ልብስ የምታወልቀው ነገር አይደለም። የጀርባ አጥንቷና የጎኗ አጥንት ከእርሱ ጋር ተዋሕደው አንድ ሆነዋል፤ ውስጡ ሕይወት ያለው አጥንት ነው፤ ሲነኩትም ይሰማታል። እንዳትጠፋ ተብሎ በቅርፊቷ ጠርዝ ቀዳዳ በስቶ በሲባጎ ማሰር በልዩ ልዩ አገር የታየ ልማድ ነው። ያ ሰው ጥፍሩን ከነሥጋው ቢበሱት ምን ይል እንደ ነበር እንጃ።

አጥንት ካልን ዘንድ ወደ ምግቡ እንግባ። ይህች ኤሊ በዱር የምትበላው ሣር፣ የዱር ቅጠል፣ አበባና ውሃ ያዘለ ተክል ነው። ቅርፊቷን የምትገነባበትን ካልሲየም ለማግኘት ደግሞ አሮጌ አጥንት ስትፋቅ፣ አልፎም የጅብ ኩስ ስትበላ ታይታለች። ጅብ አጥንት ስለሚበላ ኩሱ ነጭና በካልሲየም የተሞላ ነው። በከተማ ውስጥ የጅብ ኩስ ፈልጉ ብለን አንባቢዎቻችንን አናስቸግርም። የእንቁላል ቅርፊት ተቀቅሎና ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ በሳምንት ጥቂት ጊዜ በቅጠሉ ላይ ቢነሰነስላት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በቤታችን አካባቢ ከሚገኘው ሁሉ የሚሻላት ሰርዶ ነው። ሰርዶ በየሜዳው በነጻ የሚበቅል ስለሆነ ምግቧ ውድ ነው የሚል ምክንያት የለም። ነገር ግን መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር ወይም ፀረ ተባይ ከተረጨበት ቦታ አይታጨድ። የበለስ ቅጠል እሾሁ ተፍቆ ቢሰጣት ትወደዋለች፤ ውሃም ካልሲየምም አለበት። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በለስንም «ቁልቋል» የሚል ብዙ ሰው አለ። ረጅሙ፣ እንደ መቅረዝ ቅርንጫፉ ወደ ላይ የቆመው፣ ሲቈረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስሰው ቁልቋል ግን መርዝ ነው፤ ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብም እንዲሁ። «ኤሊ ቁልቋል ትበላለች» የሚለውን ሰምቶ ከአጥር ቈርጦ የሚሰጣት ሰው ይገድላታል። ስለዚህ ነጭ ወተት የሚያፈስሰውን ቁልቋልና ቅንጭብ ከአጠገቧ ማራቅ ነው።

ከአትክልት ተራ የምናመጣውስ? ሰላጣ ጥፋት የለበትም፤ ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሆድ ከመሙላት በቀር አይገነባም። ጎመን አልፎ አልፎ መልካም ነው። ቆስጣን ግን ብዙ ሰው አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ በየቀኑ ይሰጣታል፤ በቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን ይዞ ወደ አጥንት እንዳይገባ ያግደዋል፤ ስለዚህ ይቅር። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ሩዝ የእርሷ ምግብ አይደሉም። ሙዝና ቲማቲምም ቢሆኑ ሆዷን ያቦካሉ። ልጆች ሙዝ ስትበላ ማየት ደስ እንደሚላቸው እናውቃለን፤ ደስታው የልጆቹ ነው እንጂ የእርሷ አይደለም።

ካልሲየሙ ወደ አጥንት እንዲገባ ደግሞ ፀሐይ ያስፈልጋል። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው የማይታይ ጨረር በቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለዚህ ቫይታሚን የተሰጣት ካልሲየም ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑን በመስኮት አጠገብ አድርገው «ፀሐይ ታገኛለች» ይላሉ። መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ያን የሚያስፈልጋትን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ስለዚህ ፀሐይ ባለበት ቀን ጠዋት ወደ ውጭ ትውጣ፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታው ስለሚያግዛት ብርቱ ናትና ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ብዙ ይጠቅማል። ጥላ ግን ከአጠገቧ አይጥፋ። ትንሽ ኤሊን ጥላ በሌለው ሳጥን ወይም በመስታወት ዕቃ ፀሐይ ላይ ትቶ መሄድ፣ ስልክ አነጋግረው እስኪመለሱ ድረስ ሊገድላት ይችላል። ክረምቱ በደመና ለሚያልፍበት ሰው፣ ይህንኑ ጨረር የሚሰጥ ልዩ አምፑል በውጭ አገር ይሠራል። እርሱም ብርሃኑ ሳይቀንስ ጨረሩ አስቀድሞ ስለሚያልቅ በየዓመቱ ገደማ መለወጥ አለበት።

በግቢ ውስጥ ስትወጣ ጠባቂ ያስፈልጋታል። ቁራ፣ ጭልፊት፣ አይጥ፣ ድመትና ውሻ ሁሉ ለእርሷ ጠላቶች ናቸው፤ ጉንዳንም አይናቅ። በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ ክፍት ሳጥን ለሁሉም መልስ ነው። «ብቻዋን ትሆናለች፤ ጓደኛ ላምጣላት» የሚለውን ርኅራኄ ግን አንደግፍም። ኤሊ ብቸኝነት የሚያስጨንቃት እንስሳ አይደለችም። ሁለት ትንንሾች አብረው ሲኖሩ አንዷ ሙቁን ቦታና ምግቡን ትይዛለች፤ ሌላይቱ ደግሞ ሳታጉረመርም ትከሳለች።

ለሰውም ቢሆን ጥንቃቄ አለ። ኤሊ ሳትታመም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተህዋስ በሆዷ ልትይዝ ትችላለች፤ እርሱም በሕፃናት ላይ ከባድ ተቅማጥ ያመጣል። የአሜሪካ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለት ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንንሾቹን ሕፃናት ወደ አፋቸው ያስገቡአቸው ነበርና። ከነኳት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ሳሕኗንም ከሰው ዕቃ ጋር አለማጠብ ይበቃል።

መታመሟን እንዴት እናውቃለን? ከአፍንጫዋ አረፋ ሲወጣ፣ አንገቷን ዘርግታ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ፣ ዐይኗ ሲያብጥ፣ ወይም በቂ ሙቀት እያላት ሳምንት ሙሉ ሳትበላ ስትቀር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። እንደ እኛ ሳንባዋን የሚገፋ ጡንቻ ስለሌላት አስላ መጣል አይሆንላትም፤ በሳንባዋ የገባው በዚያው ይቀራል። በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ለከብት ብቻ የቆመ እንዳይመስለን።

ከእነዚህ ምልክቶች ሁሉ ቀድሞ የሚናገር አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ሚዛን ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት መዝኖ በደብተር መጻፍ ነው። ጥቂት ጥቂት እየጨመረች ከሄደች ደኅና ናት። በተከታታይ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቀነሰች፣ ምንም ያህል ጸጥ ብላ ብትቀመጥ፣ ችግር አለ። መዝገብ መያዝ ለለመዱ አንባቢዎቻችን ይህ ከባድ አይሆንም።

እስከ አሁን «እርሷ» እያልን ስንጽፍ በቋንቋችን ልማድ ትንሹን ነገር በሴት አንቀጽ መጥራታችን ነው እንጂ ፆታዋን ዐውቀን አይደለም። የኤሊ ወንድነትና ሴትነት የሚወሰነው እንቁላሉ በተቀበረበት አፈር ሙቀት ሲሆን፣ በሙቅ አፈር የተፈለፈሉት ሴት፣ ቀዝቀዝ ባለው ወንድ ይሆናሉ። ይህም በዐይን የሚለየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከላይ ያነሣነው ጊልበርት ኋይት እንኳ ዕድሜውን ሙሉ ወንድ ናት ብሎ ቲሞቲ እያለ ሲጠራት ኖሮ፣ ቅርፊቷ በኋላ ሲመረመር ሴት ሆና ተገኝታለች። ኋይት ያቺን ኤሊ በ1780 ከሞተችው አክስቱ ከርብቃ ስኑክ ወርሶ ነበር፤ አክስቱም ብዙ ዓመት አኑራታለች። እርሱ ራሱ በ1793 ሞተ። ኤሊዋ ሌላ ዓመት ገደማ ቆይታ በ1794 ተከተለችው፤ ቅርፊቷም ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። ለሁለት ባለቤት በቂ የነበረች እንስሳ ለሦስተኛም ትተርፍ እንደ ነበር ማን ያውቃል።

ወዳጃችን ነገሩን ለሚመለከተው ክፍል ካስታወቀ በኋላ የምትሄድበት ቦታ እስኪዘጋጅ ድረስ ኤሊዋ እርሱ ዘንድ ቆየች። ከሐምሌ በኋላ ያደገው የቅርፊቷ ክፍል ለስላሳና ዝርግ ነው። በመካከሉ ግን በካርቶን ያሳለፈቻቸው ሳምንታት የተዉት ጠባብ ሸካራ ቀለበት በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ይታያል፤ እድሜዋን ሙሉም አይጠፋም። በሚያዝያ ባስረከባት ጊዜ የክብደቷን ደብተርም አብሮ አስረከበ። በመጨረሻው መስመር ላይ በእርሱ እጅ የተጻፈው 148 ግራም ነው። የተቀበላትም ሰው ከሥሩ ሌላ መስመር አስምሮ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚመዝንበትን ቀን ጻፈ።